ፔሩጃ፣ ሲየና ወይስ ፍሎረንስ? ጣሊያንኛን በክረምት ሄዶ ለመማር

ፔሩጃ የገባሁ ቀን ማታ ዳቦ ገዝቼ ቆረስኩ። ጨው የለውም። ጋጋሪው ረስቶት ይሆናል ብዬ ዝም አልኩ። በማግስቱ ከሌላ ዳቦ ቤት ገዛሁ። እሱም እንደዚያው። በሦስተኛው ቀን አከራዬን ጠየቅኳቸው። ሰባ ዓመት ያለፋቸው ሴትዮ ናቸው። የያዝኳት ጣሊያንኛ ከአምስት ዓረፍተ ነገር አትበልጥም፣ ግን ጥያቄው ገባቸው። ሳቁብኝ። «ጨው ፕሮሹቶው ላይ አለልሽ፣ ዳቦው ምን ያደርግለታል?» አሉኝ። (ፕሮሹቶ በጨው የደረቀ የአሳማ ሥጋ ነው።)

ለካ ፔሩጃ ባለችበት በኡምብሪያና ሲየናና ፍሎረንስ ባሉበት በቶስካና ክፍለ አገር የሰፈሩ ዳቦ ጨው አይገባበትም። የፔሩጃ ሰው ምክንያቱን ሲጠየቅ በ1540 ጳጳሱ ጳውሎስ ሦስተኛ ጨው ላይ ቀረጥ ጨምረውብን፣ አምፀን፣ ተሸንፈን፣ ያኔ የተውነው ነው ይላል። አመፁ እውነት ነው። ዳቦው የመጣው ከዚያ ነው በሚለው ግን ታሪክ አዋቂዎች አይስማሙም። የዚህን ዳቦ ነገር በኋላ አመጣዋለሁ፣ ምክንያቱም ከገጣሚው ከዳንቴ ጋር ይገናኛል።

አሁን ወደ ጉዳዩ። ጣሊያን ሄጄ መማሬን የሰማ ሁሉ «የቱ ከተማ ይሻላል?» ይለኛል። በተለይ ዩኒቨርሲቲ ሲዘጋ ሁለት ወር ያላቸው ልጆች። (የእኛ ክረምት የእነሱ በጋ ነው። እዚህ ሐምሌ ጨለማ ሲሆን እዚያ አናት የሚበሳ ፀሐይ ነው። ጃኬት አትሸከሙ።) እኔ ሁለት ክረምት ሄጃለሁ፤ አንዱን ፔሩጃ፣ ሌላውን ፍሎረንስ። ሲየናን በሳምንት መጨረሻ እየተመላለስኩ አውቀዋለሁ። የአክስቴ ልጅ ደግሞ ከቨርጂኒያ በኮሌጇ በኩል ሄዳለች። ከዚህ ሁሉ የተረዳሁትን ልንገራችሁ፤ ከተማው ሁለተኛ ጥያቄ ነው። መጀመሪያ የሚጠየቀው ደረጃዬ ስንት ነው የሚለው ነው።

ቋንቋ ነው ሥነ ጽሑፍ?

ብዙ የክረምት ኮርስ «የጣሊያን ቋንቋና ሥነ ጽሑፍ» የሚል ስም ይዞ ይመጣል። ሁለቱ አንድ ላይ ሲጻፉ አንድ ነገር ይመስላሉ። አይደሉም።

ደረጃዎቹ በመላው አውሮፓ ከኤ1 እስከ ሲ2 ስድስት ናቸው። ኤ1 ሰላምታና ሻይ ማዘዝ ነው። ቢ1 ላይ ራሳችሁን ችላችሁ ትኖራላችሁ። ሥነ ጽሑፍ በወግ የሚጀመረው ቢ2 ላይ ነው። አንድ ወር ሙሉ በየቀኑ አራት ሰዓት ብትማሩ አንድ ደረጃ መጨረስ ትችሉ ይሆናል። ከዜሮ ተነስቶ በአንድ ክረምት ዳንቴን አነባለሁ የሚል ሰው ካለ ገንዘቡን ይያዝ።

ምክንያቱ የቃል ብዛት ብቻ አይደለም። ጣሊያንኛ ላለቀ ድርጊት ሁለት ዋና የኃላፊ ጊዜ አለው። ጀማሪ የሚማረው «ኦ ማንጃቶ» (በላሁ) የሚለውን ነው። ሚላን ውስጥ ዕድሜ ልክ በዚህ መኖር ይቻላል። ልብ ወለድ ስትከፍቱ ግን ሰዎቹ በሌላ የኃላፊ ጊዜ ነው የሚሄዱት፤ «ዲሴ» (አለ)፣ «ፌቼ» (አደረገ)፣ «ናክዌ» (ተወለደ)። ይህኛው ፓሳቶ ሬሞቶ ይባላል። ብዙ የተለመዱ ግሶችን ከሥራቸው ስለሚቀይር መዝገበ ቃላት ውስጥ እንኳ ፈልጎ ማግኘት ያስቸግራል። ኤ2 ክፍል ውስጥ አይነካም። እኔ በመጀመሪያው ክረምት ከመንገድ ዳር ሻጭ አንድ ልብ ወለድ በሁለት ዩሮ ገዝቼ፣ የመጀመሪያው ገጽ ላይ አሥራ አራት ግስ አስምሬበት፣ መልሼ ሻንጣ ውስጥ ከተትኩት።

ስለዚህ ከቢ1 በታች ከሆናችሁ «ሥነ ጽሑፍ» የሚለው ቃል አያማልላችሁ። ጥሩ የቋንቋ ክፍል ፈልጉ። ማንበብ ካማራችሁ ናታሊያ ጊንዝበርግን ሞክሩ። ዓረፍተ ነገሯ አጭር ነው፣ ስለ ቤትና ስለ ቤተሰብ ነው የምትጽፈው። ቢ1 ላይ ያለ ሰው መዝገበ ቃላት ይዞ ይገፋታል።

አንድ ጥሩ ዜና አለ። አማርኛ ተናጋሪ ከሌላው ተማሪ ቀድሞ የሚያውቀው ነገር አለው፤ መላላትና መጥበቅ። «ገና» ላልቶ ሌላ ነው፣ ጠብቆ በዓል ነው። «አለ»ም እንደዚሁ። ጣሊያንኛ ልክ እንዲህ ነው። «ፓላ» ላልቶ አካፋ፣ ጠብቆ ኳስ። «ኖኖ» ላልቶ ዘጠነኛ፣ ጠብቆ አያት። ክፍል ውስጥ እንግሊዝኛ ተናጋሪዎቹ በዚህ ሲሰቃዩ ነበር። አንዱ ዕድሜውን ሲናገር «ዓመት» የሚለውን «አኒ» አላልቶ አለው። ላልቶ መቀመጫ ነው፤ ያውም ቀዳዳው። ልጁ ሃያ ሁለት አለኝ አለ። መምህሯ ፊቷን ወደ ሰሌዳው አዞረች።

«ሌይ» የሚባለው የአክብሮት አጠራርም ለእኛ አዲስ አይደለም፤ «እርስዎ» ማለት ነው። የመኪና ዕቃማ እናታችን ቤት ነው፤ ፍሬን፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ካንዴላ፣ ኩሺኔታ። ጋራዥ የሠራ ሰው ግማሹን ቃላት ይዞ ነው የሚገባው። ማኪያቶ ግን ያሳፍራችኋል። እዚያ ስታዙ የሚመጣው ትንሽዬ ስኒ ላይ ወተት ጠብ ያለበት ጥቁር ቡና ነው። ቃሉ ራሱ «ጠብታ የነካው» እንደማለት ነው። የእኛን ዓይነት የፈለገ ካፑቺኖ ይበል።

ፔሩጃና ሲየና

ጣሊያን ውስጥ ለውጭ ዜጎች ብለው የተቋቋሙ ሁለት የታወቁ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች አሉ። አንዱ ፔሩጃ፣ ሌላው ሲየና። የፔሩጃው ኮርስ በ1921 ተጀምሮ በ1925 ዩኒቨርሲቲ ተባለ። ሲየና ለውጭ ሰው ጣሊያንኛ ማስተማር የጀመረችው በ1917 ነው። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) ሁለቱም የራሳቸው ፈተና አላቸው። የፔሩጃው ቼሊ፣ የሲየናው ቺልስ ይባላል። ሁለቱም እኩል ይታወቃሉ። ሮማ ትሬ ዩኒቨርሲቲም የራሱ አለው፤ በ1889 የተመሠረተው የዳንቴ አሊጊየሪ ማኅበር ደግሞ ፕሊዳ የሚባል ፈተና ይሰጣል።

ወረቀቱ ለምን ይጠቅማል? ጣሊያን ውስጥ በጣሊያንኛ ዲግሪ መማር የሚፈልግ ቢ2 ይጠየቃል። እዚያው የሚኖርና ዜግነት የሚያመለክት ሰው ደግሞ ከ2018 መጨረሻ ወዲህ ቢ1 ማሳየት አለበት። ከእነዚህ አንዱ ከሌለባችሁ ፈተናውን ተዉት። ክረምቷን በፈተና ዝግጅት አታባክኑ።

ፔሩጃን እወዳለሁ። አላዳላም ብል ውሸት ነው። ትምህርት የሚሰጠው ጋሌንጋ ስቱዋርት የሚባል ቀይ የአሥራ ስምንተኛው ክፍለ ዘመን ቤተ መንግሥት ውስጥ ነው። ከደጁ ፊት ለፊት ኤትሩስካኖች የሚባሉ የጥንት ሕዝቦች ከክርስቶስ ልደት በፊት የሠሩት የድንጋይ በር ቆሟል፤ ዛሬም ሰው ከሥሩ ያልፋል። ከተማው አቀበት ነው። እንጦጦ የለመደ እግር አይደነግጥም፣ የሌላው አገር ልጅ ግን በመጀመሪያው ሳምንት ያለቅሳል። ማታ ማታ ተማሪ ሁሉ ካቴድራሉ ደረጃ ላይ ይቀመጣል፤ ከፊቱ ትልቁ የድንጋይ ምንጭ ነው። ከቻይና፣ ከብራዚል፣ ከግብጽ፣ ከፖላንድ የመጣ አለ። የሁሉም እንግሊዝኛ እኩል አይደለም። ስለዚህ የሚግባቡት በተሰባበረ ጣሊያንኛ ነው። የፔሩጃ ትልቁ ጥቅም ይኸው ነው። ክፍል ውስጥ አራት ሰዓት ትማራላችሁ፣ ደረጃው ላይ ሌላ አራት ሰዓት።

ሌላም የኪራይ ጥቅም አለ። ከተማው ከ1308 ጀምሮ ሌላ ትልቅ ዩኒቨርሲቲ አለው። ጣሊያናውያኑ ተማሪዎች በሐምሌ አጋማሽ ወደየቤታቸው ሲሄዱ ክፍላቸው ባዶ ይሆናል። ሐምሌ ውስጥ ኡምብሪያ ጃዝ የሚባለው ፌስቲቫል ያለባቸውን ቀናት ካስወገዳችሁ ማደሪያ አይጠፋም። በፌስቲቫሉ ሰሞን ግን የአደባባዩ ሙዚቃ ነፃ፣ አልጋው እሳት ነው።

ጉድለቷ መንገዷ ነው። ከሮም በባቡር ሁለት ሰዓት ተኩልም ሦስትም ይፈጃል፤ ብዙ ጊዜ ፎሊኞ ላይ መቀየር አለ። አንድ ጊዜ ባቡር ቀይሬ በተቃራኒው አቅጣጫ ሄጃለሁ። ጥፋቱ የኔ ነው፣ ሰሌዳውን አላነበብኩም።

ሲየና ከዚህ ታንሳለች፣ ትቆነጃለች፣ ትንሽም ትኮራለች። ዩኒቨርሲቲው ባቡር ጣቢያው አጠገብ ስለሆነ አሮጌው ከተማ ላይ ለመውጣት በተንቀሳቃሽ ደረጃ ነው። ሰዉ ትውልዱን የሚቆጥረው በአሥራ ሰባት ሠፈር ነው። ኮንትራዳ ይሉታል። ሕፃን ሲወለድ የሠፈሩ ባንዲራ ይሰቀላል። ሐምሌ 2 እና ነሐሴ 16 (በፈረንጅ) ከአሥራ ሰባቱ ሠፈሮች አሥሩ በዋናው አደባባይ ዙሪያ በፈረስ ይሽቀዳደማሉ። ፓሊዮ የሚባለው ነው። ከሁለት ደቂቃ በታች ያልቃል፣ ለቅሶውና ደስታው ግን ሳምንት ይሰነብታል። በዚያ ሰሞን እዚያ መማር ትልቅ ዕድል ነው፤ ማደሪያውን ቀደም ብሎ ለያዘ ሰው።

እና የቱ? ዜሮ ለሆነ ወይም ኤ2 ላይ ላለ ሰው ፔሩጃ እላለሁ። ቢ1 ይዞ፣ ፈተና ፈልጎ፣ ጸጥ ያለ ቦታ ለሚወድ ሲየና። ጣሊያን ያለ አንድ ሰው የሲየና ጣሊያንኛ ከሁሉ የጠራ ነው ብሎ ይነግራችኋል። ጥሩ ነው፤ ግን ቶስካናውያን በሁለት አናባቢ መካከል ያለ «ክ»ን ወደ «ህ» ይመልሱታል። «ኡና ኮካ ኮላ» ያላችሁት «ኡና ሆሃ ሆላ» ሆኖ ይመለሳል። ወሎና ጎጃም «ከየት» «ኸየት» ሲሆን የሰማ ሰው ቶሎ ይለምደዋል። እኔ ፈገግ ብዬ ነው የሰማሁት፤ አያቴን ነው ያስታወሰኝ።

ፍሎረንስ ለማን ናት?

ፍሎረንስን መሳደብ ፋሽን ሆኗል። ቱሪስት በዛባት፣ ተወደደች ይባላል። ሁለቱም እውነት ነው። የበለጠው ችግር ግን ሌላ ነው። እዚያ ከተማ ጣሊያንኛ ለመናገር ትግል ያስፈልጋል። ቡና ቤት ገብታችሁ በጣሊያንኛ ታዛላችሁ፣ አስተናጋጁ በእንግሊዝኛ ይመልሳል። ክፋት የለውም፤ ወረፋ አለበት። እኔ መጨረሻ ላይ ዘዴ አገኘሁ። «እንግሊዝኛ አልችልም» እያልኩ መዋሸት ጀመርኩ። አንድ ቀን አስተናጋጁ «ታዲያ ከየት ነሽ?» አለኝ። ከኢትዮጵያ አልኩት። ወንበር ስቦ ተቀመጠና ስለ አበበ ቢቂላ ሃያ ደቂቃ አወራኝ። በ1960 ሮም ላይ በባዶ እግሩ ሲሮጥ የአስተናጋጁ አባት መንገድ ዳር ቆመው አይተውታል። ከክፍል የበለጠ የተማርኩት ያን ቀን ነው።

ቢ2 ላላችሁና ሥነ ጽሑፍ ለምትፈልጉ ግን ፍሎረንስ ሌላ ከተማ ናት። ዛሬ ጣሊያንኛ የምንለው ቋንቋ መሠረቱ የዚህ ከተማ ንግግር ነው። ዳንቴ በ1265 እዚህ ተወለደ። መንገድ ስትሄዱ ግድግዳ ላይ ከሠላሳ በላይ የእብነ በረድ ጽሑፎች ታገኛላችሁ፤ እያንዳንዱ ላይ ከዳንቴ ረጅም ግጥም ከ«መለኮታዊ ኮሜዲ» ያንን ቦታ ወይም ያንን ቤተሰብ የሚያነሳ ስንኝ አለ። አንዱ የተሳደበበት ቤተሰብ ግድግዳ ላይ ስድቡ ተለጥፏል። ማስታወሻ ደብተር ይዞ እነዚህን ብቻ መልቀም የአንድ ሳምንት ሥነ ጽሑፍ ነው፣ ክፍያ የለውም።

በ1583 የተመሠረተው የቋንቋ አካዳሚም እዚሁ ነው። ስሙ ክሩስካ፣ ትርጉሙ ፉርሽካ። ዱቄቱን ከፉርሽካው ነፍተን እንለያለን ሲሉ ነው ያወጡት፤ ምልክታቸውም ወንፊት ነው። በ1612 ያሳተሙት መዝገበ ቃላት የጣሊያንኛ የመጀመሪያው ትልቅ መዝገበ ቃላት ነው።

አሁን ወደ ዳቦው ልመለስ። ዳንቴ በ1302 ከፍሎረንስ ተሰደደ፣ ሳይመለስ በ1321 ራቬና ሞተ። በ«መለኮታዊ ኮሜዲ» ሦስተኛው ክፍል፣ በገነት አሥራ ሰባተኛው መዝሙር ላይ፣ የአያቱ አያት ስደቱን አስቀድሞ ይነግረዋል። የሰው ዳቦ ምን ያህል ጨው ጨው እንደሚል፣ የሰው ቤት ደረጃ መውጣትና መውረድ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ትቀምሳለህ ይለዋል። አስተማሪው ይህን ሲያስነብበን ጃፓናዊው ልጅ «ጨው ለምን መጥፎ ሆነ?» ብሎ ጠየቀ። እኔ ፔሩጃን አስታውሼ ሳቅሁ። ጨው የሌለው ዳቦ ሲበላ ላደገ ሰው ከአገሩ ውጭ ያለው ዳቦ ሁሉ ጨው ነው። የደረጃውን ነገር ደግሞ ለእኔ ማንም ማስረዳት አላስፈለገውም። እኛ ደጅ መጥናት የምንለው ነው።

እንዲህ ያለው ነገር አዲስ አበባ ቁጭ ብሎም ይነበባል፤ አፍ ላይ የሚቀረው ግን እዚያ ነው። ለዚህ ፍሎረንስ ዋጋዋን ታወጣለች። ከቢ2 በታች ሆኖ ሄዶ ግን ሰው የሚያመጣው ፎቶ ነው።

የግል ትምህርት ቤትና የአሜሪካ ኮሌጅ

የግል የቋንቋ ትምህርት ቤቶች በየከተማው ሞልተዋል። የሚሻሉበት ነገር አለ። ብዙዎቹ በየሳምንቱ ሰኞ ያስገባሉ፣ ክፍሉ ትንሽ ነው፣ ማደሪያ አብረው ያገኛሉ። ሁለት ሳምንት ብቻ ላለው ሰው ይሄ ይሻላል፤ ዩኒቨርሲቲዎቹ በወር ነው የሚያስቡት።

የእኔ ገጠመኝ ግን አለ። ከፍሎረንስ ክረምት በፊት ባሉት ሁለት ሳምንታት አንድ የግል ትምህርት ቤት ቢ2 ክፍል ከፈልኩ። ስደርስ የእኔ ደረጃ ክፍል ተማሪ አልሞላም። ሁለታችን ብቻ ነበርን። ቢ1 ውስጥ ቀላቀሉን። ብዬ ብዬ የመለሱልኝ ገንዘብ የለም፤ ውሉ ላይ በትንሹ ተጽፏል ተባልኩ። ተጽፏልም።

አሜሪካ ያላችሁ የዳያስፖራ ልጆች ሌላ አማራጭ አላችሁ። ኮሌጆች በክረምት ከራሳቸው መምህር ጋር ጣሊያን ይወስዳሉ። ጥቅሙ ክሬዲቱ ነው፤ ዲግሪያችሁ ላይ ይቆጠራል፣ የተማሪ ብድርም ሊሸፍነው ይችላል። የአክስቴ ልጅ ስድስት ሳምንት ፍሎረንስ ነበረች። ሥነ ጽሑፉን በእንግሊዝኛ ትርጉም ተማረች፣ ከሰባት አሜሪካውያን ጋር አንድ አፓርታማ ኖረች፣ «ግራትሲዬ» እያለች ተመለሰች። ደስተኛ ናት። ጣሊያንኛ ግን አትችልም። ክሬዲት ከፈለጋችሁ ጥሩ ነው። ቋንቋውን ከፈለጋችሁ ከአሜሪካ ሳይወጡ ሚድልበሪ ኮሌጅ የሚሰጠው የክረምት ትምህርት ይሻላል። እዚያ ስትገቡ ከምትማሩት ቋንቋ በቀር ሌላ አልናገርም ብላችሁ ትፈርማላችሁ።

ቬኒስን በአንድ መስመር ልለፈው፤ ለማየት እንጂ ለመኖር አይደለም፣ የሚከፍልላችሁ ሰው ካልተገኘ በቀር። ቦሎኛ ሕያው የተማሪ ከተማ ናት፤ ዳንቴ የተቀበረባት ራቬና በባቡር ከአንድ ሰዓት ትንሽ ትበልጣለች። ችግሯ ነሐሴ ላይ ባዶ መሆኗ ነው።

ኔፕልስን ግን በልቤ ይዣታለሁ። ርካሽ ናት፣ ሰዉ ተናጋሪ ነው፣ ማንም በእንግሊዝኛ አይመልስላችሁም። የሚመልሱት ግን በናፖሊኛ ነው፤ ክፍል ውስጥ የተማራችሁት ውጭ አይሠራም። ለጀማሪ አልመክርም። ለእኛ የሚሆን ነገር ግን አላት። ሎሪየንታሌ የሚባለው ዩኒቨርሲቲ ዛሬም አማርኛ ያስተምራል። አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ ከ1902 ጀምሮ እዚያ አስተምረዋል። የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ የሚባለው መጽሐፋቸው በ1908 የታተመውም ሮም ነው። አማርኛ የሚማሩ ጣሊያናውያን ተማሪዎችን ብትፈልጉ ቋንቋ ለመለዋወጥ ከእነሱ የተሻለ ሰው የለም። አንድ ሰዓት በአማርኛ፣ አንድ ሰዓት በጣሊያንኛ። እኔ አንዷን በዚህ መንገድ ተዋውቄያለሁ፤ እስከ ዛሬ «ጠ» እና «ተ» ትቀላቅላለች።

ወሩ፣ ቪዛው፣ ጾሙ

ምርጫ ካላችሁ መስከረም (በፈረንጅ) ከሁሉ ይሻላል። ሙቀቱ በርዷል፣ ከተማው ወደ ሥራ ተመልሷል። ሐምሌ ጥሩ ነው፤ ይሞቃል። ነሐሴ ላይ ግን ፌራጎስቶ አለ። ነሐሴ 15 (ይህም በፈረንጅ) የማርያም ዕርገት በዓል ነው። በዚያ ሰሞን አገሩ ሁሉ ባሕር ይወርዳል። ዳቦ ቤቱም፣ ፀጉር ቤቱም «ዝግ ነው» የሚል ወረቀት ይለጥፋል። የምትለማመዱበት ሰው ይጠፋል።

ለምንጾመው ደግሞ ያው ሰሞን ፍልሰታ ነው። አይጨንቃችሁ። ደረቁ ፓስታ በአብዛኛው እንቁላል የለውም፤ ብዙ ጊዜ ያለው ትኩሱ ነው። ቲማቲም፣ ሽምብራና ባቄላ ያለበት ፓስታ በየቤቱ አለ። ቶስካና ውስጥ ሪቦሊታ የሚባል የዳቦና የጎመን ሾርባ አለ፤ ከምስር ወጥ ባይደርስም ያጠግባል። «ሴንትሳ ፎርማጆ» ማለት ያለ አይብ ማለት ነው። ሁለቴ በሉት፤ አንዴ ብቻ ከተባለ አስተናጋጁ የሰማ አይመስልም።

ቪዛው ቀደም ብሎ የሚያስብ ሰው ይፈልጋል። ከ90 ቀን በታች ለሆነ ኮርስ የአጭር ጊዜ ሼንገን ነው፤ ከዚያ በላይ የትምህርት ቪዛ። በሚያዝያ መጨረሻ 2024 (ይህም በፈረንጅ) የአውሮፓ ኅብረት ለኢትዮጵያውያን የማመልከቻ መመልከቻውን መደበኛ ጊዜ ከ15 ቀን ወደ 45 ቀን አራዝሞታል። በዚያው ዓመት ከሰኔ ጀምሮ የአዋቂ ክፍያው 90 ዩሮ ሆኗል። የጤና ኢንሹራንሱ ቢያንስ 30 ሺህ ዩሮ የሚሸፍን መሆን አለበት። ማመልከት የሚቻለው ለጉዞው ስድስት ወር ሲቀረው ጀምሮ ነው፤ ስለዚህ ለሐምሌ ኮርስ የምዝገባ ደብዳቤያችሁን በየካቲት ያዙ። አሜሪካ በግሪን ካርድ፣ ወይም ዱባይና ሪያድ በሥራ ፈቃድ ያላችሁ፣ ፓስፖርታችሁ የኢትዮጵያ ከሆነ ቪዛው ያስፈልጋችኋል፤ የምታመለክቱትም ካላችሁበት አገር ነው። የአሜሪካ ወይም የእስራኤል ፓስፖርት የያዘ እስከ 90 ቀን ያለ ቪዛ ይገባል።

አዲስ አበባ ያላችሁ ከመሄዳችሁ በፊት ጣሊያን የባህል ተቋም ኤ1ን እዚሁ ጨርሱ። እዚያ በዩሮ ከፍላችሁ «ቡዎን ጆርኖ» ከምትማሩ እዚህ በብር ተማሩት። ኤ2 ሆኖ ፔሩጃ የሚገባ ሰውና ዜሮ ሆኖ የሚገባ ሰው፣ ደረጃው ላይ ማታ የሚቀመጡት ለየብቻ ነው።

ገንዘብ ከመላካችሁ በፊት ለመረጣችሁት ትምህርት ቤት ኢሜይል ጻፉ። በሳምንት ስንት ሰዓት ነው ክፍል ውስጥ የምንቀመጠው በሉ፤ «ሰዓት» ሲሉ አርባ አምስት ደቂቃ ነው ስልሳ እንደሆነም ጠይቁ። ሥነ ጽሑፉ በየትኛው ቋንቋ እንደሚሰጥ ይንገሯችሁ። የደረጃ ፈተናው ቀድሞ ይሁን ከደረሳችሁ በኋላ አረጋግጡ። በመጨረሻም የኔ ደረጃ ክፍል ተማሪ ካልሞላ ምን ታደርጋላችሁ በሏቸው፣ መልሱንም በጽሑፍ ያዙት።